ቅዳሜ ለሚጋለብ ፈረስ የሰኞው ገብስ

ጃን ሜዳ አካባቢ የሚኖር አንባቢ በኅዳር መጀመሪያ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 7 ዓመት የሆነው ዳማ ፈረስ አለኝ። የማኖረው በኪራይ ጋጣ ነው። ሥራ ስላለብኝ የምጋልበው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ጥር ላይ ትርዒት አለብን፣ ገላው እንዲያምር ብዬ በየቀኑ 3 ኪሎ ተኩል ገብስ እሰጠዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ገና 20 ደቂቃ ሳልጋልበው ላብ አጠመቀው፣ የኋላ እግሮቹ ተገተሩ፣ አልራመድም አለ። እየጎተትን አስገባነው። ሽንቱ ቡና ይመስል ነበር። አሁን ተሽሎታል። ምን ነክቶት ነው? ለትርዒቱስ ይደርስልኛል?»

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፈልህ። እንደነገርከኝ ከሆነ የታመመው ጡንቻው ነው። ሆድ ቁርጠት ቢሆን ኖሮ ጎኑን እያየ መሬት ይጭር፣ ይንከባለል ነበር። ያንተው ግን ደርቆ ቆመ። ታፋውን ብትነካው እንጨት ሆኖ ታገኘው ነበር። ፈረንጆች «የሰኞ ጠዋት በሽታ» ይሉታል፤ ድሮ የሥራ ፈረሶቻቸው እሁድ ቆመው ሙሉ ቀለባቸውን እየበሉ ይውሉና ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ ይይዛቸው ስለነበር ነው። ያንተ ፈረስ ደግሞ አንድ ቀን ሳይሆን አምስት ቀን ነው ቆሞ ገብስ የሚበላው።

ያ ቡና የመሰለ ሽንት ከተጎዳው ጡንቻ የወጣ ቀለም ነው። ኩላሊቱን ሊጎዳው ስለሚችል ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም አስጠርተህ ደሙን አስመርምር። ተሽሎታል ብለህ አትተወው። እንደገና ከያዘው ደግሞ አንድ እርምጃ እንኳ አታስኬደው፣ ባለበት ይቁም። ኮርቻውን አውርድ፣ ላቡን አድርቅለት፣ ብርድ ከሆነ ብርድ ልብስ ጣል አድርግበት፣ ውኃ አቅርብለትና ሐኪሙን ጥራ። እኔም ሥራ ስጀምር አንዱን ፈረስ ቁርጠት መስሎኝ ግቢውን አዙሬዋለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

አሁን ወደ ገብሱ እንምጣ። በመጀመሪያ ሜትር ያዝና የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሮቹ ኋላ ለካ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን ለካ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዛው፣ በርዝመቱ አባዛው፣ ከዚያ ለ11,900 አካፍለው። ደረቱ 150 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 140 ቢሆን ወደ 265 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፈረስ በቀን ወደ 5 ኪሎ ጥሩ ድርቆሽ ያስፈልገዋል፣ ዋናው ምግቡ እሱ ነው። ከሱሉልታ በኩል የሚመጣውን ግዛ፤ ሻጋታና አቧራ የሌለው፣ ሽታው የሚጥም ይሁን። የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ እሱን አይተካም። ቆሞ ለሚውል ፈረስ 3 ኪሎ ተኩል ገብስ በጣም ብዙ ነው። ጭራሽ ባይበላም አይጎዳም። የምትሰጠው ከሆነ ግን ተከክቶ ይሁን፣ ከግማሽ ኪሎ አይለፍ፣ ሥራው ሲበዛ ቀስ በቀስ ትጨምርለታለህ። ጠባቂውም በጣሳ እየገመተ ሳይሆን በሚዛን ይስጠው። አሞሌ ጨውና ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ አጠገቡ ይኑር።

ከምግቡ በላይ የምለምንህ ግን በሥራ ቀን እንዲንቀሳቀስ ነው። ሐኪሙ ሲፈቅድ ጠባቂው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እየሳበ ያራምደው፤ ለዚህ ገንዘብ ጨምርለት፣ ለኮርቻ ጌጥ ከምታወጣው ይሻላል። በዓመት አንዴ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ሰው ጌጡን አይቶ ያደንቃል፣ እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። በዚያ አገር ፈረስ ያርሳል፣ ይጫናል፣ ገበያ ያደርሳል። ጡንቻው ዓመቱን ሙሉ ሥራ ስለለመደ የበዓሉ ቀን ግልቢያ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ያንተ ፈረስ ከተሜ ነው፣ ጋጣው ጠባብ ነው፣ ደጁ አስፋልት ነው፤ ስለዚህ ያንን እንቅስቃሴ አንተ ነህ የምትፈጥርለት። ቅዳሜ ስትወጣም መጀመሪያ 15 ደቂቃ በእርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ መጨረሻ ላይ ግልቢያ። አስፋልት ላይ ሁልጊዜ በእርምጃ ብቻ፣ አደራ።

ስለ ውበቱ አትጨነቅ። ገላ የሚያበራው ገብስ ሳይሆን ብሩሽ ነው፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ በደንብ ይቦረሽ። በሳሙና ደጋግመህ አትጠበው፣ የገላውን ወዝ ታጠፋበታለህ። ሰኮናውን በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ አስከርክም። ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነጭ ፀጉር ካየህ ኮርቻው እየጎዳው ነው።

የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ክትባት ካልወሰደ ቢሾፍቱ የሚመረተው አለ፣ ሐኪሙን ጠይቀው። ለትርዒቱ ሰሞን ግን አታድርገው፣ ከክትባቱ በኋላ ጥቂት ሳምንት ከከባድ ሥራ ማረፍ አለበት። በሽታውን የሚያመጡት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ከምሽት እስከ ንጋት ስለሚበዙ ጀንበር ሳትጠልቅ ጋጣው ይግባ።

ለጥር መድረሱን የሚወስነው የደም ምርመራው ነው። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ሁለት ወር አለህ፣ በቂ ነው። ካልሆነ ዘንድሮ ይቅር፣ ገና 7 ዓመቱ ነው። የምርመራውን ወረቀትና የሁለቱን ልኬት ላክልኝ፣ ቀለቡን አብረን እናወጣለን።