ኦሪጅናሉን ለማትገዙ ወጣቶች

ኮሚክ የምትሰበስቡ ልጆች ስታገኙኝ ጥያቄያችሁ አይለወጥም። «ጋሼ፣ ይሄን ሪፕሪንት ብገዛው ያዋጣኛል?» ነው። ሪፕሪንት ማለት የድሮ እትም እንደገና ሲታተም ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ ስካን ማድረግ፣ ቀለም ማስተካከልና ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ማዘጋጀት ነበር። ስለዚህ መልሴም የማተሚያ ቤት ሰው መልስ ነው። አያዋጣም። ግን ግዙት።

መጀመሪያ ለምን እንደማያዋጣ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። በ2024 አንድ ቅጂ በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። የስፓይደርማን መነሻ የሆነው አሜዚንግ ፋንታሲ ቁጥር 15 በ1962 12 ሳንቲም ነበር። በ2021 አንዱ ቅጂ 3.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። እዚያ ጨረታ ላይ እኔም እናንተም የለንበትም፤ እንርሳው። ግን እዚህ ዋጋ ላይ ምን አደረሰው? ማማሩ አይደለም፤ ማለቁ ነው። ልጆች አንብበው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው፣ ተዋውሰው ጨረሱት። ቤት ሲጸዳ ተጣለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ይሰበሰብ ነበር፤ ኮሚኩም ከጋዜጣው ጋር አብሮ ተጫነ።

የዛሬው ሪፕሪንት ይህ ዕጣ አይደርሰውም። ገዢው ገና ቤቱ ሳይደርስ ፕላስቲክ ውስጥ ይከተዋል፣ ከጀርባው ካርቶን ያስገባለታል። ሁሉም ሰው የሚንከባከበው ነገር እንዴት ብሎ ብርቅ ይሆናል? ፈላጊ ከበዛም አሳታሚው ደግሞ ያትመዋል።

እርግጥ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በ1966 ጎልደን ሬከርድ የሚባለው የልጆች ሸክላ አሳታሚ የስፓይደርማን አሳታሚ የሆነውን የማርቬልን የተወሰኑ እትሞች እንደገና አሳትሞ ከሸክላ ጋር ይሸጥ ነበር። ልጁ ሸክላውን እየሰማ ኮሚኩን እንዲከታተል ነው። አሜዚንግ ስፓይደርማን ቁጥር 1 እና ፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 1 ነበሩበት። ሽፋናቸው ላይ ዋጋ የለም፤ ከኦሪጅናሉ አንዱ መለያቸው እሱ ነው። ዛሬ እነሱም ራሳቸው ፈላጊ አላቸው። ማንም ከቁም ነገር ስላልቆጠራቸው አለቁ። እናንተ ግን ለትርፍ ብላችሁ የምትገዙትን ሪፕሪንት ለትርፍ ብሎ የሚገዛ ሌላ ብዙ ሕዝብ አለ። ችግሩ እሱ ነው።

ታዲያ ለምን ግዙት እላለሁ? እንድታነቡት። ከ4 እስከ 7 ዶላር ከፍላችሁ፣ ገጹን በጣታችሁ ገልጣችሁ፣ ቡና ቢፈስበትም ሳትደነግጡ።

ሪፕሪንት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ታሪኩን ብቻ ወስዶ በጠንካራ ሽፋን የሚጠርዘው ነው። ማርቬል በ1987 የጀመረው ማስተርወርክስና የሱፐርማን አሳታሚ ዲሲ በ1989 የጀመረው አርካይቭ ኤዲሽንስ እንደዚያ ናቸው። መደርደሪያ ላይ ያምራሉ። ሌላው ፋክሲሚሊ የሚባለው ነው። እሱ እትሙን እንዳለ፣ ከነማስታወቂያው፣ ከነአንባቢ ደብዳቤው፣ ከነድሮ ዋጋው መልሶ ያትማል። አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ ፋክሲሚሊውን ነው።

ለምን እንደሆነ በአንድ እትም ላሳያችሁ። ኢንክሬዲብል ሀልክ ቁጥር 181፣ የኖቬምበር 1974 እትም። ዎልቨሪን የሚባለው ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የታየበት ነው። (በቁጥር 180 መጨረሻ ገጽ ላይ ብቅ ብሎ ነበር፤ ሰብሳቢዎች የትኛው የመጀመሪያው ነው እያሉ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። እኔ አልገባበትም።) በዚያን ጊዜ ማርቬል የደብዳቤ ገጹ ላይ ቴምብር የምታክል ስዕል ያትም ነበር። አንባቢው በመቀስ ቆርጦ ማጠራቀሚያ ደብተር ላይ እንዲለጥፋት። ልጆቹም የተባሉትን አደረጉ፤ ቆረጡ። ዛሬ ያቺ ቴምብር የጎደለችው ቁጥር 181 ዋጋዋ ቁልቁል ይወርዳል። የዎልቨሪን አንዲት መስመር እንኳ ሳትነካ! አጭበርባሪም አይጠፋም፤ ከሌላ ቅጂ ቆርጦ እዚያ ይለጥፋል። በጥራዝ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ሻጩ «ቴምብሯ አለች» ሲለው ስለ ምን እንደሚያወራ አይገባውም። ማርቬል በ2019 ያወጣውን ፋክሲሚሊ የገለጠ ግን የቱ ገጽ ላይ ምን መኖር እንዳለበት ያውቃል።

ማስታወቂያዎቹም እንደዚሁ ናቸው። በፖስታ የሚላክ የጡንቻ ማሳደጊያ ትምህርት፣ ውሃ ሲነካቸው ነፍስ የሚዘሩ «ሲ መንኪዎች» የተባሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳት፣ ልብስ አልፎ ያሳያል የተባለ መነጽር። ያን ዘመን ከታሪኩ ይልቅ እነሱ ያሳዩኛል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፤ እዚህ ላይ ታገሱኝ። የድሮ ኮሚክ ቀለም በቁጠባ የተሠራ ቀለም ነው። ከጥቁሩ መስመር ውጪ ሦስት ቀለም ብቻ አለ። ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫ። እያንዳንዱ ደግሞ 25 በመቶ፣ 50 በመቶ ወይም ሙሉ ነው። ባዶውን ጨምራችሁ ስታባዙት 64 ዓይነት ይወጣል። ከተማ የሚቃጠለውም፣ ጀምበር የምትጠልቀውም በነዚህ ነው። ባለሙያው የገጹን ቅጂ በውሃ ቀለም ቀብቶ የየቦታውን ኮድ ይጽፍበታል። ከዚያ በኋላ ብሪጅፖርት፣ ኮነቲከት በነበረው ኬሚካል ከለር ፕሌት በሚባል ድርጅት ሠራተኞች፣ በተለይ ሴቶች፣ እያንዳንዱን ቀለም በየደረጃው በእጃቸው ይለዩታል። የነሱ ስም ኮሚኩ ላይ የለም። ቀጥሎ ስፓርታ፣ ኢሊኖይ የነበረው የወርልድ ከለር ፕሬስ ማሽን ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ያትመዋል። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል። ነጥቦቹ ይሰፋሉ፣ ቀለሙ ይረግባል። ሰዎቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ የቀለሙን መጠን ቁጥር የመረጡትም ለዚያ ወረቀት ብለው ነው።

ያንኑ ቁጥር ዛሬ ነጭ አብረቅራቂ ወረቀት ላይ ብታትሙት ይጮኻል። የነጭ ሰው ፊት ብዙ ጊዜ 25 በመቶ ቢጫና 25 በመቶ ማጀንታ ነበር። በጋዜጣ ወረቀት ላይ ፊት ነው። በአብረቅራቂው ላይ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ይሆናል። «ቀለሙ ታድሷል» ተብሎ ሲሸጥ ሳይ ልቤ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ሌላው መንገድ የታተመውን ገጽ ራሱን ማንሳት ነው። ታሸን የሚባለው አሳታሚ ከ2021 ጀምሮ ያወጣቸው ትልልቅ የማርቬል መጻሕፍት በዚህ መንገድ ነው የተሠሩት፤ የድሮ ቅጂዎችን ፎቶ አንስተው። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። የድሮው ገጽ በነጥብ የታተመ ነው። የዛሬው ማሽንም የራሱን ነጥብ ይጨምራል። ሁለቱ ሲጋጩ ገጹ ላይ ሞገድ የሚመስል መስመር ይነሳል፤ ሞይሬ እንለዋለን። ለማጥፋት ትንሽ ካደበዘዛችሁት መስመሩ ይሞታል። ካልነካችሁት ሞገዱ ይቀራል። በከፍተኛ ጥራት ስካን አድርጎ፣ ማዕዘን እየቀየሩ፣ ገጽ በገጽ መፈተን ነው እንጂ አቋራጭ የለውም። ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ ነጥቦቹ ይታዩ፤ ወረቀቱም አይንጣ።

«ለምን ከኦሪጅናል ስዕሉ አያትሙትም?» ትሉ ይሆናል። አብዛኛው የለማ! የ1930ዎቹና የ40ዎቹ ስዕል ተቀዶ፣ ተጥሎ አልቋል። ከታተመው ኮሚክ በቀር ምንም ያልቀረለት ታሪክ ሞልቷል። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ግሬግ ቲክስተን የተባለ ሰው አንድ ዘዴ አስፋፍቶ ነበር። የድሮውን ገጽ በኬሚካል አጥቦ ቀለሙን ያስለቅቃል፣ ጥቁሩ መስመር ብቻ ይቀራል፣ እሱን ፎቶ አንስቶ ያትማል። የታጠበው ቅጂ ግን አለቀለት ማለት ነው። ለአሥር ሺህ አንባቢ አንድ ቅጂ መሰዋት ክፋት ነው አልልም። እኔ ግን እጄ እሺ የሚለኝ አይመስለኝም። ደግነቱ ዛሬ ያንን ሥራ ሶፍትዌር ይሠራዋል።

የተረፈም አለ። የአሜዚንግ ፋንታሲ ቁጥር 15 የውስጥ ገጾች ኦሪጅናል ስዕል፣ 24ቱም፣ በ2008 ስሙን ያልገለጸ ሰው ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጥቶታል። ዋሽንግተን ለምትኖሩ ቅርባችሁ ነው። ከገጾቹ በአንዱ ዳር ላይ ደራሲው ስታን ሊ ለሰዓሊው ለስቲቭ ዲትኮ በእርሳስ የጻፈው ማሳሰቢያ አለ። መኪናው የተሸፈነ ይሁን፣ እጅ ወደ ውጭ አይንጠልጠል፣ በግዴለሽነት የሚነዱ እንዳይመስል ይላል። በታተመው ኮሚክ ላይ ይህ የለም። ፋክሲሚሊም አያሳያችሁም፤ ፋክሲሚሊ የሚገለብጠው ልጁ በ12 ሳንቲም የገዛውን ነው። ስለዚህ «ኦሪጅናሉን ይመስላል» ሲሏችሁ የትኛውን ኦሪጅናል በሉ።

ስህተት ይታረም ወይስ ይቅር የሚለውም ያጨቃጭቃል። የፊደል ግድፈት ከሆነ ይቅር፤ ቀላል ነው። ከባዱ የሰው ስም ነው። ባትማን የመጣበት ዲቴክቲቭ ኮሚክስ ቁጥር 27 (1939) ላይ ያለው የቦብ ኬን ስም ብቻ ነው። ታሪኩን የጻፈው ቢል ፊንገር አልተጠቀሰም። ፊንገር በ1974 ሞተ፤ ስሙ በይፋ ከባትማን ጋር መጻፍ የጀመረው በ2015 ነው። እንግዲህ ያንን ገጽ ዛሬ የሚያትም ሰው ስሙን ያስገባለት? እኔ አያስገባ ባይ ነኝ። ገጹ የዘመኑ ሰነድ ነው፤ ማን እንደተዘለለ ራሱ ይመሰክራል። ግን አሳታሚው ዛሬ የሚጨምረው የራሱ ቦታ አለው። የባለመብትነት ጽሑፉ ላይ ወይም የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ እውነቱን ይጻፍ። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን በ130 ዶላር አስረክበው ነበር፤ ለ13 ገጽ፣ በገጽ 10 ዶላር ሂሳብ። የ23 ዓመት ልጆች ነበሩ። ቼኩ ራሱ በ2012 በጨረታ 160,000 ዶላር ተሽጧል። ይህንን ለአንባቢ መንገር ምን ወረቀት ይፈጃል?

ከሁሉ በላይ ሪፕሪንት ሪፕሪንት ነኝ ማለት አለበት። በ1974 ዲሲ ፌመስ ፈርስት ኤዲሽን በሚል አክሽን ቁጥር 1ን በትልቅ መጠን አሳተመ። ከላይ ሪፕሪንት መሆኑን የሚናገር ወፍራም ሽፋን አለው። ከሥሩ ግን የ1938ቱ ሽፋን እንዳለ አለ፣ 10 ሳንቲም የሚለው ዋጋ ሳይቀር። ወፍራሙን ሽፋን ገንጥሎ የውስጡን «የአያቴ ሳጥን ውስጥ አገኘሁት» ብሎ የሸጠ ብዙ ነው። የሚያጋልጠው ማስመሪያ ነው። ሪፕሪንቱ ቁመቱ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ኦሪጅናሉ 26 ገደማ። ማርቬል በ1990ዎቹ ማይልስቶን ኤዲሽን ሲያወጣ ሽፋኑን በብር ቀለም ከበበው። ዲሲ በ2000 ሚሌኒየም ኤዲሽን ላይ ወርቃማ ምልክት አደረገ። «ሽፋኑን አበላሹት» ብሎ የሚያማርር ሰብሳቢ አለ። እኔ ደስ ይለኛል።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወይም ከዚያ በፊት ነው የተባለ ወረቀት ካጋጠማችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት ባትሪ እዩት። አዲስ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ስላለው ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። የድሮው ድፍን ይላል። ባትሪው ርካሽ ነው። ሻጩ ካልፈቀደ ወጥታችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ኮሚክ ለምትሠሩት። ጀምበር የተባለው ኢትዮጵያዊ ሱፐርሂሮ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ከወጣ ወዲህ የናንተን ሥራ በጉጉት ነው የማየው። ከ50 ዓመት በኋላ አንድ ሰው የመጀመሪያ እትማችሁን መልሶ ለማተም ቢነሳ ከየት ያገኘዋል? ፌስቡክ ላይ የጫናችሁት ምስል ለህትመት አይሆንም። ስዕሉን፣ ቀለሙንና ጽሑፉን ለየብቻ እንደተደራረቡ አስቀምጡ፤ አንድ ላይ ጨፍልቃችሁ ብቻ አትተዉት። የተጠቀማችሁበትን የአማርኛ ፎንት ፋይልም አብራችሁ አኑሩ፤ ፎንት ይጠፋል፣ ሲጠፋም ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ይሆናል። ማን ጻፈ፣ ማን ሳለ፣ ማን ቀለም ቀባ የሚለውን ውስጡ አትሙት፤ ውልም ተፈራረሙ። ቅጂውን ቢያንስ ሁለት ከተማ አስቀምጡ። ማተሚያ ቤቱ የሚሰጣችሁን የቀለም ናሙና ወረቀትም አትጣሉት፤ ቀኑንና የወረቀቱን ዓይነት ጀርባው ላይ ጻፉበት።