ስለ ቪዚዮ ቁጥሮች ለጠየቅከው፦ ዜሮዎቹ የት እንደገቡ

ወንድሜ፣ ስለ ንድፍ መሳያው ፕሮግራም ስለ ቪዚዮ «የቫልቭ ቁጥሬ 007 መሆን ሲገባው 7 ብቻ ይላል፤ ስፋቱን ከጽሑፍ ጋር ሳገናኘው ደግሞ 2.5000 እያለ ዜሮ ያንዛዛብኛል» ብለህ ነው የጠየቅከው። አቦ፣ በዚህ ጉዳይ ድሬ ውስጥ ከእኔ በላይ የተቃጠለ ካለ ይምጣ። ሼፕሺት፣ ያ የየቅርጹ ቀመሮች የሚቀመጡበት ሠንጠረዥ፣ እንዴት እንደሚከፈት አልነግርህም፤ እዚህ ድረስ ከመጣህ ታውቀዋለህ።

1. ሼፕ ዳታ (ከቅርጹ ጋር የሚቀመጠው መረጃ) ውስጥ ያለው ቁጥር፣ ቁጥር ሆኖ ይቀመጥ። ዜሮውን እዚያ አትፈልገው። ሼፕሺቱ ላይ ዩዘር ሴል (የራስህን ቀመር የምትጽፍበት ሳጥን) ጨምርና እንዲህ በለው፦ =ፎርማት(ፕሮፕ.ቁጥር፣ "000")። ለ7 007፣ ለ42 042 ይሰጥሃል። (ሴሉ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚጻፍ መቼም አይጠፋህም።) ስፋቱም ያው ነው፦ =ፎርማት(ዊድዝ፣ "0.00 ዩ")። ያቺ ትንሿ ዩ መለኪያውን አሳጥራ ከኋላ ትለጥፍልሃለች። ከዚያ ኢንሰርት ፊልድ ብለህ ዩዘር ሴሉን ጥራው፤ ውጤቱን ቅርጹ ጽሑፍ ውስጥ የሚያሳየው ፊልድ ይሄ ነው።

2. ኮዱ «ድሬ-007-ሳቢያን» ዓይነት ከሆነና መሃሉን ብቻ ከፈለግክ፣ ሚድና ፋይንድ የሚባሉትን ፋንክሽኖች ይዘህ ፊደል ስትቆጥር አትዋል። የኮዱ ርዝመት በተቀየረ ቁጥር ያበሽቁሃል። ጽሑፉን በመለያው ቆራርጦ የጠየቅከውን ቁራጭ የሚሰጥህን ኢንዴክስን ተጠቀም፣ መለያዬ ሰረዝ ነው በለው፣ በቃ። ቆጠራው ግን ከ0 ይጀምራል። ለመሃለኛው 1 ነው የምትሰጠው፤ 2 ካልክ ሳቢያንን ያመጣልሃል።

3. ሎክ ቴክስት ኤዲት የሚባለውን፣ የቅርጹን ጽሑፍ የሚቆልፈውን ሴል ማስተሩ (ቅርጾቹ የሚቀዱበት ዋናው) ላይ 1 አድርገው። ይቺን አደራ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ የቫልቭ ዝርዝር በኤክሴል ላከልን። ኤክሴሉ ዜሮዎቹን ቀድሞ በልቷቸዋል፤ ራሳቸው የላኩት ፋይል 7፣ 8፣ 9 ነው የሚለው። ድሮዊንጉን አሳትመን፣ በዚያ ፀሐይ ከከዚራ ተሸክመን ሄድን። ባለሙያው ጥቅልሉን ግማሽ እንኳ ሳይዘረጋ «እንዲህ የሚባል ቁጥር እኛ ጋ የለም» ብሎ ገፋው። የራሳችሁ ዝርዝር ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ሻዩን ያማስላል። ኤዋን (A1) የሚባለው ትልቅ ወረቀት ማሳተሚያ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ከኪሳችን ወጣ።

ፎርማቱን አስገብቼ በድጋሚ ላክሁ፣ ተስተካከለ። ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። እዚያው ቢሮ አንዱ ፋይሉን ከፍቶ ሼፖቹን ደብል ክሊክ እያደረገ በእጁ «ቫ-007» እያለ ጽፎባቸዋል። በላዩ ሲጻፍበት ፊልዱ ይጠፋል፤ የሚቀረው ደረቅ ጽሑፍ ነው። ቁጥሮቹ እንደገና ሲደለደሉ የእኛዎቹ ታደሱ፣ የእሱዎቹ ባሉበት ቀሩ። ሁለት ቫልቭ በአንድ ቁጥር! ጥፋቱ የማን ተባለ? የእኛ። ሎክ ቴክስት ኤዲትን 1 ብታደርገው ግን ሰው በእጁ መጻፍ አይችልም፣ ፊልዱም መታደሱን አይተውም።

አሁን የእኔ ስቴንስል (የማስተሮቹ ማኅደር) ሁሉ ተቆልፏል፤ ሳቢያን ሰፈር ያሉ ልጆች ሳይቀሩ ይሠሩበታል። አመሰግናለሁ ያለኝ የለም፣ ይሁን። ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ።

ኧረ፣ ጽሑፉን በሁለት መስመር ለመክፈል ቻር(10)ን በሁለት & ምልክቶች መሃል አስገባ። የሚልኩልህን ኤክሴል ደግሞ መሳል ከመጀመርህ በፊት አትመህ አስፈርማቸው፤ ማህተም ካገኘህም አትለፈው።