ቀዩ መዳብ ለምን አረንጓዴ ሆነ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የኬሚስትሪ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከኮፐር ሰልፌት የመዳብ ናኖፓርቲክል (እጅግ ደቃቅ የመዳብ ቅንጣት) እየሠራሁ ነው። ጨዉን ወደ መዳብ ለመቀየር የምጠቀመው አስኮርቢክ አሲድ ነው፤ ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ ደግሞ ፒቪፒ የሚባል ፖሊመር እጨምራለሁ። እንደተሠራ ደስ የሚል ቀይ ነው። በማግስቱ ስመጣ ግን አረንጓዴ ሆኖ አገኘዋለሁ። አማካሪዬ «ኦክሳይድ ሆኗል» ይላሉ። የላብ ጓደኛዬ «ተጣብቆ ነው» ይላል። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወረፋው አያደርስም። በእጃችን ያለው ዩቪ-ቪዝ (ናሙናው በየሞገድ ርዝመቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ የሚለካው መሣሪያ) ብቻ ነው። በእሱ መለየት ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል እንጂ። ለዚህ ጥያቄማ እኔ ዩቪ-ቪዙን አስቀድማለሁ። ለማይክሮስኮፕ ጠብታውን ማድረቅ አለብሽ፤ ሲደርቅ ደግሞ አየር ያገኘዋል። ዩቪ-ቪዙ ግን ኩቬቱ (የናሙናው ብልቃጥ) ውስጥ እንዳለ፣ እየተለወጠ ሳለ ያሳይሻል።

ብርሃን ሲያርፍበት የመዳቡ ነፃ ኤሌክትሮኖች አብረው ይወዛወዛሉ። ውዝዋዜው የሚበረታበት የሞገድ ርዝመት ላይ ፒክ፣ ማለትም የግራፉን ጫፍ፣ ታያለሽ። ለትንንሽ የመዳብ ቅንጣቶች ይህ ከ560 እስከ 600 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ሚ እ.ኤ.አ. በ1908 ካሳተመው ስሌት እንደምንረዳው፣ የፒኩን ቦታ የሚወስነው ቅንጣቱ ብቻ አይደለም፤ ዙሪያውን የከበበውም ነገር ነው። የውሃ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ (ብርሃንን የሚያዘገይበት መጠን) 1.33 ነው። የኩፕረስ ኦክሳይድ (አንዱ የመዳብ ኦክሳይድ ዓይነት) ግን ወደ 2.7 ይጠጋል። ስለዚህ ቅንጣቱ ስስ የኦክሳይድ ካባ ሲደርብ ፒኩ ወደ ረጅሙ ሞገድ ይሸሻል።

ኦክሲዴሽኑ ሲገፋ ውስጥ ያለው መዳብ ያንሳል። ፒኩ ይደክማል፤ ቆይቶም ይጠፋል። ከ500 ናኖሜትር በታች ያለው አብሶርባንስ (የሚዋጠው ብርሃን መጠን) ደግሞ ከፍ ይላል፤ ያ ኩፕረስ ኦክሳይዱ ነው። መዳቡ ሟሙቶ ኩፕሪክ አዮን (ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ የመዳብ አቶም) ከሆነ 800 አካባቢ ሰፊ ጉብታ ይወጣል። የኦክሳይዱ ቢጫና የአዮኑ ሰማያዊ ሲደባለቁ አረንጓዴ ሊመስሉሽ ይችላሉ።

መጣበቅ መልኩ ሌላ ነው። ፒኩ ይሰፋል፤ ከ700 በላይ ያለው ጅራትም ከፍ ይላል። ቅንጣቶቹ ዘቅጠው ከሆነ ደግሞ ሙሉው ስፔክትረም በእኩል መጠን ይወርዳል። ቀስ ብለሽ ነቅንቀሽ ድገሚው።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ፦ በ580 ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ መዝግበሽ አትለፊ። ኦክሲዴሽንም፣ መጣበቅም፣ መዝቀጥም ያንን ቁጥር ሊያወርዱት ይችላሉ። የተማሪ ረቂቅ ሳነብ ከምንም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ያን ሁሉ የለፋ ልጅ ማስረጃው ስክሪኑ ላይ እያለ አንዲት ነጥብ ይዞ ይወጣል! ከ300 እስከ 900 ድረስ ሙሉውን ስካን አድርጊ፤ በየ10 ደቂቃው፣ ገና ቀይ ሳለ ጀምረሽ። ብላንክሽ (ማነጻጸሪያ ናሙናሽ) ፒቪፒና አስኮርቢክ አሲዱ ያለበት፣ መዳብ የሌለበት ይሁን። አስኮርቢክ አሲድ 265 አካባቢ ብርሃኑን በኃይል ስለሚውጥ ከ300 በታች ያለውን አትመኚው።

ከዚያ ክርክራችሁን የሚፈታ ሙከራ አለ። ሁለት ኩቬት ውሰጂ። በአንዱ ናይትሮጅን አሳልፊበትና እስከ አፉ ሞልተሽ ግጥም አድርገሽ ክደኚው። ሌላውን ክፍት ተዪው። ክፍቱ ብቻ ከተለወጠ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ሁለቱም እኩል ከተለወጡ ግን ኦክስጅኑ ዋናው ተጠያቂ አይደለም፤ የፒቪፒውን መጠን ከፍ አድርገሽ ሞክሪ። መዳቡን የምትሠሪበትንም ውሃ አስቀድመሽ በናይትሮጅን አጥቢው። ብዙ ሰው ሳምፕሉን ይከድንና ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይረሳዋል።

ኩፕረስ ይሁን ኩፕሪክ ኦክሳይድ ለመለየት ግን ራማን (በሌዘር የሚሠራ የስፔክትረም መለኪያ) ይሻላል። የኩፕረሱ ምልክት 218፣ የኩፕሪኩ 298 ኢንቨርስ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ዕድሉን ካገኘሽ ሌዘሩን በዝቅተኛ ኃይል ጀምሪ፤ ሙቀቱ ራሱ መዳብሽን ኦክሳይድ ሊያደርገው ይችላል።