ያልመለሱት ደብዳቤ

ጥያቄ፦ ለአንድ ፋብሪካ የታተሙ የማሸጊያ ካርቶኖችን ለዘጠኝ ዓመታት ሳቀርብ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ የሁለት ዓመት ውል ፈርመን ነበር፤ ጊዜው ሲያልፍ ሌላ ሳንፈርም በመተማመን ቀጠልን። ዋጋ ሲቀየር በስልክ እንነጋገራለን፣ ትዕዛዝ ሲመጣ አደርሳለሁ፣ እነሱም ሲመቻቸው ይከፍላሉ። ባለፈው ወር የግዢ ኃላፊው ደውሎ ከእንግዲህ ትዕዛዝ እንደማይሰጡኝ ነገረኝ። መጋዘኔ የእነሱ ምልክት በታተመበት ካርቶን ተሞልቷል። ከጥቂት ወራት በፊት ስለ አሠራር ለውጥ የሚል ደብዳቤ ልከውልኝ ነበር፤ እንደተለመደው ዓይነት መስሎኝ ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩት። በረጅም ጊዜ የንግድ ግንኙነት ፍርድ ቤት ከወረቀቱ ይልቅ ግንኙነቱን ይመለከታል ሲባል ሰምቻለሁ። ከእኔ መግዛታቸውን እንዲቀጥሉ ማስገደድ እችላለሁ?

መልስ፦ ስለ ዘጠኙ ዓመታት በደንብ ነግረውኛል። ስለ ደብዳቤው የጻፉት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጥያቄዎን ደጋግሜ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እዚያችው ላይ ነው። እመለስባታለሁ፤ አስቀድሜ የጠየቁኝን ልመልስ።

ፋብሪካው ከእርስዎ መግዛቱን እንዲቀጥል ማስገደድ ይቻላል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1821 መሠረት ጊዜ ያልተወሰነለትን ውል ማናቸውም ወገን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው ይችላል። ሊከራከሩ የሚችሉት በአወጣጡ ላይ ነው። የማስጠንቀቂያው ጊዜ በሌላ መንገድ ካልተወሰነ እንደ ነገሩ ሁኔታ ተገቢ የሆነ ጊዜ መሆን እንዳለበት ቁጥር 1822 ይናገራል፤ ዘጠኝ ዓመት የቆየን ግንኙነት በአንድ የስልክ ጥሪ መዝጋት ተገቢ ማስጠንቀቂያ ነው ለማለት ይከብዳል። ፋብሪካው በበኩሉ የሁለት ዓመቱ ውል ካበቃ ወዲህ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ራሱን የቻለ ሽያጭ ስለነበር የሚቋረጥ ውል የለም ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ስምምነት በድርጊትም ሊገለጽ ስለሚችል (ቁጥር 1681) መልስ አለን፤ መልሱ የሚቆመው ግን በማስረጃ ነው።

ስለ ግንኙነቱ የሰሙት መሠረት የለሽ አይደለም። አሜሪካዊው ምሁር ስቱዋርት ማኮሌይ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት የዊስኮንሲን ነጋዴዎች አለመግባባት ሲገጥማቸው አብዛኛውን ጊዜ ውላቸውን እንኳ ሳይጠቅሱ በንግግር እንደሚጨርሱት አሳይተዋል። ከእሳቸው በኋላ ሌላው የውል ሕግ ምሁር ኢያን ማክኒል ውል አብሮ በመሥራት ውስጥ እየተቀረጸ የሚሄድ ግንኙነት ነው የሚለውን አስተሳሰብ አስፋፉ። የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2013 ያም ሴንግ የተባለ ኩባንያ በከፈተው ክርክር፣ እንደ ረጅም ጊዜ የማከፋፈል ስምምነት ያሉ ውሎች መረጃ መለዋወጥን፣ መተባበርንና መተማመንን ሊጠይቁ እንደሚችሉ ጽፏል። የእኛ ሕግ ይህን ለመናገር እስከዚያ አልጠበቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1732 ውሎች በቅን ልቡና፣ በተዋዋዮቹ መካከል ያለውን የመተማመንና የታማኝነት ግንኙነት እንዲሁም የንግዱን ልማድ በማየት እንዲተረጎሙ ያዛል። ይህን አንቀጽ ባነበብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ነገር ግን ይህ የትርጉም ደንብ ነው። የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው በትርጉም ስም ሊለቀው አይችልም (ቁጥር 1733)፤ ሕግ በግልጽ ከፈቀደው ውጭም ርትዕ (ሚዛናዊ ፍትሕ) ነው ብሎ ውልን አያሻሽልም (ቁጥር 1763)። በቤተሰብ ወይም በሌላ ግንኙነት የተነሳ የተለየ መተማመን ሲኖር ውል እንዲሻሻል የሚፈቅደውን ቁጥር 1766 ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ አሉ። ሁለት አትራፊ ድርጅቶች ለዓመታት ስለተግባቡ ብቻ በዚህ አንቀጽ ሥር ይገባሉ ብዬ አልመክርም። ከገቡም እንኳ አንቀጹ ያለውን ውል ለማሻሻል እንጂ የተቋረጠውን ለማስነሳት አይደለም።

አሁን ወደ ደብዳቤው።

ደንበኞቼ እየተመላለሱ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ከእንግዳ ሰው ጋር ሲዋዋሉ እያንዳንዱን ወረቀት የሚያነቡ፣ ለእያንዳንዱ ቃል የሚከራከሩ ሰዎች፣ ግንኙነቱ ሲቆይ መልስ መስጠት ያቆማሉ። ለምን አልመለሱም ስላቸው «ብመልስ ቅር ይላቸዋል፣ አላመንናቸውም ይላሉ ብዬ ነው» ይሉኛል። ዝምታውን እንደ ጨዋነት ቆጥረውታል። ሲቸግርም «መልስ ካልሰጠሁ አልተስማማሁም ማለት ነው» ብለው ይጽናናሉ።

ለእንግዳ ሰው ይህ ትክክል ነው፤ በቁጥር 1682 መሠረት ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም። ከዚያ ሁለት ቁጥር ወረድ ብለው 1684ን ያንብቡ። ቀደም ሲል የንግድ ግንኙነት ባላቸው ሰዎች መካከል ግንኙነቱን ለመቀጠል፣ ለመለወጥ ወይም ለማሟላት የቀረበ ሐሳብ በተገቢው ጊዜ ውስጥ ካልተነቀፈ እንደ ተቀበሉት ይቆጠራል። ለዚህ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ሐሳቡ ለዚሁ ጉዳይ ተለይቶ በተዘጋጀ ጽሑፍ መቅረቡ፣ እንዲሁም ጽሑፉ መልስ ካልተሰጠ እንደ ስምምነት እንደሚቆጠር ለተቀባዩ ማሳወቁ። ድንጋጌው የተጻፈው ለእንደ እርስዎና ፋብሪካው ዓይነት ሰዎች ነው። የተመኩበት ያው የዘጠኝ ዓመት ግንኙነት ዝምታዎን ወደ እሺታ ሊለውጠው ይችላል።

ስለዚህ ይህን መልስ አንብበው እንደጨረሱ ፋይሉን ይክፈቱ። ደብዳቤው ራሱን የቻለ ነው ወይስ በደረሰኝ ጀርባ የታተመ መስመር? «በዚህን ያህል ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጡ እንደተስማሙ እንቆጥራለን» የሚል ወይም ያንን የሚመስል ቃል አለው? የአሠራር ለውጥ ያሉትስ ምንድን ነው? ምናልባት ከእንግዲህ በጽሑፍ ያልታዘዘ ዕቃ አንረከብም ብለው ይሆናል። ምናልባት ማንኛውም ወገን በአጭር ማስታወቂያ ሊወጣ ይችላል የሚል አስገብተው ይሆናል። እንዲህ ከሆነና ሁለቱ ሁኔታዎች ከተሟሉ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው ያነሳነውም፣ ወደ በኋላ ስለ መጋዘኑ የምናነሳውም ክርክር እጅግ ይጠብባል። ሁኔታዎቹ ካልተሟሉ ዝምታዎ ብቻውን በዚህ አንቀጽ አያስርዎትም፤ ሆኖም ደብዳቤው እንደ ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ ሊነበብ ይችላል። ያን ጊዜ ባለፈው ወር የተደወለልዎት ስልክ የማስጠንቀቂያው መጀመሪያ መሆኑ ይቀርና ፍጻሜው ይሆናል።

ሌላም ያልነገሩኝ አለ። ደብዳቤው ከደረሰዎት በኋላ በአዲሱ አሠራር አንዴም ቢሆን ዕቃ አስረክበዋል? በአዲስ ቅጽ ላይ ፈርመዋል? አድርገውት ከሆነ ፋብሪካው የዝምታዎን ነገር ማንሳት እንኳ አያስፈልገውም፤ በድርጊትዎ ተቀብለዋል ይልዎታል። ይህን ለጠበቃዎ መጀመሪያ ይንገሩት። ጠበቃን የሚጎዳው መጥፎ ማስረጃ መኖሩ ሳይሆን በችሎት ፊት ከተቃራኒው ወገን መስማቱ ነው።

ለወደፊት ከሌሎች ደንበኞችዎ ጋር ሲሠሩ ሁለት መስመር ይበቃዎታል። «ደብዳቤው ደርሶኛል። እስክንነጋገር ድረስ በውስጡ የተጠቀሱትን ለውጦች አልተቀበልኩም፤ እስካሁን በምንሠራበት ሁኔታ እንቀጥላለን።» ማንንም አያስቀይምም። ቁጥር 1684 ለእርስዎም ይሠራል፤ በየዓመቱ መጀመሪያ የዓመቱን ዋጋ፣ የመጠባበቂያ ክምችቱን መጠንና የመለያያ ማስጠንቀቂያውን ጊዜ በራሱ ጽሑፍ አዘጋጅተው፣ መልስ ካልተሰጠ እንደ ስምምነት እንደሚቆጠር ጠቅሰው መላክ ይችላሉ። ከላኩም መድረሱን ያስፈርሙ።

ወደ ካርቶኑ ልምጣ። «መጋዘኔ ተሞልቷል» ብለዋል፤ አምርት ያለዎት ማን እንደሆነ ግን አልጻፉም። ዝም ብለው «እንደተለመደው» ብለው ያመረቱት ከሆነ አደጋውን በራስዎ ላይ ወስደዋል የሚል ጠንካራ ክርክር ይገጥምዎታል፤ ይህን በቀጥታ ብነግርዎት ይሻላል። ያም ሆኖ ተስፋ አይቁረጡ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ማስረጃ በራስዎ ሰነዶች ውስጥ ሊኖር ይችላል። የትዕዛዝ ደብዳቤዎቹን ቀን ከርክክብ ሰነዶቹ ቀን ጋር ጎን ለጎን ይጻፉ። ካርቶኑን ለማተም ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ሆኖ ሳለ ፋብሪካው ሰኞ አዝዞ ረቡዕ እየተረከበ ከነበረ፣ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ክምችት እንዳለዎት ማወቁን፣ በዚያም ላይ ተመክቶ ማዘዙን ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ቁጥር 1734 የውሉ ቃል አሻሚ ሲሆን ተዋዋዮቹ ከውሉ በፊትና በኋላ የነበራቸው አድራጎት እንዲታይ ይፈቅዳል። ዘጠኝ ዓመት በእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሲቀርብ «እንደ ቤተሰብ ነበርን» ከሚሉ አሥር ምስክሮች ይበልጣል። ለሌላ ገዢ ሊሸጥ ወይም ለሌላ አገልግሎት ሊውል የሚችል ካርቶን ካለ ደግሞ አሁኑኑ ይሞክሩ፤ ሙከራዎንም በጽሑፍ ያኑሩ። ተጎጂው ጉዳቱ እንዳይሰፋ አቅሙ የፈቀደውን ማድረግ ይጠበቅበታል (ቁጥር 1802)።

በስልክ የተስማማችሁባቸው ዋጋዎች በቃል ቢሆኑም ተከትለዋቸው የተላኩ መልእክቶች ይኖራሉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ ስለዚህ ስልክዎን አይቀይሩ፣ መልእክት አይሰርዙ፣ የባንክ መግለጫዎን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረው ያውጡ። የመጀመሪያውን የሁለት ዓመት ውልም ያግኙት። ውስጡ «ይህ ውል የሚታደሰው ወይም የሚሻሻለው በጽሑፍ ብቻ ነው» የሚል አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ማወቅ አለብን፤ ካለ ክርክራችን ሌላ መንገድ መያዝ ይኖርበታል።

ያልተከፈለ ቀሪ ሂሳብ አለ? ይህንንም አልጻፉም። ካለ ፋብሪካው ሂሳቡን ሲከፍልዎት «ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለም» የሚል ወረቀት ሊያቀርብልዎት ይችላል። ገንዘቡ ቢያስፈልግዎትም ያንን ቃል ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ።

ከመክሰስዎ በፊት ለፋብሪካው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልግዎታል፤ በቁጥር 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመም ለማለት አስቀድሞ ሌላውን ወገን ማስጠንቀቅ መሠረታዊው ደንብ ነው። ይህን ደብዳቤ ግን ተናደው ብቻዎን እንዳይጽፉት እለምንዎታለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የምትገባ አንዲት ቃል፣ ለምሳሌ «ደብዳቤያችሁን ተቀብዬ ሳለ» የምትል፣ ያልተቀበሉትን ለውጥ ተቀብለዋል ሊያሰኝ ይችላል። እኔም ደብዳቤውንና ውሉን ሳላይ ከዚህ የበለጠ ቁርጥ ያለ ምክር ልሰጥዎት አልችልም። ሰነዶቹን በቀን ቅደም ተከተል አደራጅተው ወደሚቀርብዎት ጠበቃ ይሂዱ።

ፋይሉን ሲከፍቱ ደብዳቤው የመጣበትን ፖስታም ይፈልጉ። መቼ እንደደረሰዎት፣ ከእርስዎ ሠራተኞችም ማን ፈርሞ እንደተረከበው የሚያሳየው እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ያገኙትን ሁሉ ዋናውን ሳይጽፉበትና ሳይበሱት ለብቻው ያስቀምጡት።