ማጨስ ካቆምኩ በኋላ አፍንጫዬ ለምን ይታፈናል?

ጥያቄ፦ ለ18 ዓመታት ሲጋራ ካጨስኩ በኋላ ካቆምኩ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስለኝና አክታ ይወጣኝ ነበር፤ እሱ እየቀነሰ መጥቶ አሁን ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። አልለቅ ያለኝ የአፍንጫዬ መታፈን ነው። ከዓይኖቼ በታችና በግንባሬ ላይ የመክበድ ስሜት አለኝ፤ ንፍጡ ወደ ጉሮሮዬ ይወርዳል፤ ሌሊት በአፌ ስለምተነፍስ ጉሮሮዬ ደርቆ እነቃለሁ። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት የአፍንጫ ጠብታ ባይኖር ኖሮ እንቅልፍም አላገኝም ነበር፤ ስጨምረው ወዲያው ይከፍትልኛል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ተመልሶ ይዘጋል። በማጨስበት ዘመን እንዲህ ያለ ችግር ስላልነበረብኝ፣ የጎዳኝ ማቆሜ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ሳይነሴ እስኪጸዳ ድረስ ልታገሥ ወይስ ሐኪም ልይ?

መልስ፦ ማጨስ ማቆምዎ አልጎዳዎትም። ይህን አስቀድሜ የምለው እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ሰውን ወደ ሲጋራው ሊመልሰው ስለሚችል ነው። ይሁን እንጂ «ሳይነሱ እየጸዳ ነው» የሚለው ማብራሪያ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለመረዳት ያግዛል እንጂ አምስት ወር የዘለቀን መታፈን በሙሉ አይገልጽም። ከደብዳቤዎ ውስጥ ትኩረቴን ይበልጥ የሳበው ስለ ሲጋራው የጻፉት ሳይሆን እግረ መንገድዎን የጠቀሱት ጠብታ ነው።

ከጭሱ ልጀምር። ሳይነስ የምንላቸው በጉንጭ፣ በግንባር፣ በዓይኖች መካከልና ከአፍንጫ በስተኋላ በጥልቀት የሚገኙ፣ አየር የያዙ 4 ጥንድ ክፍተቶች ናቸው። የአፍንጫም ሆነ የእነዚህ ክፍተቶች የውስጥ ሽፋን ንፍጥ ያመነጫል፤ ንፍጡም በሴኮንድ ከ10 ጊዜ በላይ በሚወዛወዙ፣ በዓይን በማይታዩ ፀጉር መሰል ክሮች እየተገፋ ወደ ጉሮሮ ይሄድና ሳናውቀው እንውጠዋለን። ጤነኛ ሰው በዚህ መንገድ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ፈሳሽ እንደሚያመነጭ ሲነገረው አብዛኛውን ጊዜ አያምንም። የጉንጭ ሳይነስ መውጫ ቀዳዳ የሚገኘው ከክፍተቱ ግርጌ ሳይሆን ከላይኛው ክፍሉ አጠገብ ስለሆነ፣ ሰው ቆሞም ሆነ ተቀምጦ ሳለ ንፍጡ በራሱ ክብደት ሊፈስ አይችልም፤ ክሮቹ ሽቅብ ሊገፉት ይገባል። የሲጋራ ጭስ እነዚህን ክሮች ያዳክማል፣ ያሳጥራል፣ ቁጥራቸውንም ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ንፍጥ አመንጪ የሆኑትን ሴሎች ያበዛል። ሰውየው ማጨስ ሲያቆም ክሮቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እያገገሙ ይመጣሉ፤ የሽፋኑ ማበጥና የንፍጡ ብዛት ግን በአንድ ጀምበር አይቀንስም። ለዚህም ነው ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ሰዎች ጉንፋን የመሰለ ስሜትና የጉሮሮ መከርከር የሚገጥማቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሳልና የትንፋሽ ማጠር ካቆሙ በኋላ ከ1 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ እየቀነሱ እንደሚሄዱ ይገልጻል፤ የእርስዎም ሳል የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

በማጨስዎ ዘመን ችግሩ አልነበረም የሚሉትን በተመለከተ፣ አለመኖሩን ሳይሆን አለመሰማቱን የመጠርጠር ዝንባሌ አለኝ። በየቀኑ ጭስ የሚያልፍበት አፍንጫ ባለቤቱ በከፊል መታፈንን እንደ ተፈጥሮው ይቆጥረዋል፤ ማሽተት ሲመለስለት ግን አፍንጫውን ማዳመጥ ይጀምራል። ሜንቶል ያለበት ሲጋራ ያጨሱ ከነበረ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ፤ ሜንቶል አፍንጫውን በትክክል ሳይከፍት ቅዝቃዜን የሚያውቁትን ነርቮች ብቻ በመቀስቀስ የተከፈተ ያስመስለዋል። በነገራችን ላይ የሚቀቡትና የሚታጠኑት የሜንቶል መድኃኒትም የሚሠራው እንደዚሁ ነው፤ ለመኝታ ሰዓት ምቾት ይሰጥ እንደሆነ እንጂ እብጠቱን አይቀንስም።

አሁን ወደ ጠብታው እንምጣ። ስሙንም ሆነ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠቀሙበት አልገለጹልንም፤ «ወዲያው ይከፍትልኛል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ተመልሶ ይዘጋል» የሚለው አገላለጽዎ ግን የአንድን የመድኃኒት ዓይነት ጠባይ በግልጽ ይናገራል። እባክዎ ብልቃጡን አንሥተው ጽሑፉን ያንብቡ። ኦክሲሜታዞሊን፣ ዛይሎሜታዞሊን ወይም ናፋዞሊን የሚል ካገኙበት፣ መድኃኒቱ የሚሠራው በአፍንጫ ሽፋን ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች በማጥበብ ነው። የደም ሥሮቹ ሲጠቡ ያበጠው ሥጋ ይሟሽሽና አየር ያልፋል። ለጥቂት ቀናት የሚያዝ ጉንፋን ሲኖር ይህ ግሩም እርዳታ ነው። ከ3 እስከ 5 ቀናት በላይ በተከታታይ ሲወሰድ ግን የመድኃኒቱ ኃይል ባለቀ ቁጥር የደም ሥሮቹ ከበፊቱ ይበልጥ ይሰፋሉ፣ ሽፋኑም ይበልጥ ያብጣል፤ ተጠቃሚውም ያንን ለማስታገስ እንደገና ይጨምራል። በዚህ ደረጃ ላይ መታፈኑን የሚያመጣው ጠብታው ራሱ ነው። ሲጋራን ለተሰናበተ ሰው ይህ ዑደት እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ የለመደው አእምሮ ሳይሆን የአፍንጫው ሽፋን መሆኑ ነው።

ከዚህ ዑደት መውጣት ይቻላል፤ ደስ የሚል ሳምንት ግን አይሆንም። አንዳንዱ ጠብታውን በአንድ ጊዜ ያቆማል። ሌሎች በመጀመሪያ በአንደኛው ቀዳዳ በኩል ብቻ አቁመው በሌላኛው እየተነፈሱ ይቆዩና፣ ያቆሙበት ወገን ሲከፈት ሁለተኛውን ያቆማሉ፤ እንቅልፍ ለሚቸግረው ሰው እኔ ይህን እመርጣለሁ። በሁለቱም መንገድ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክረው ፍሉቲካዞን፣ ሞሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ የመሰለ የስቴሮይድ (እብጠትን የሚቀንስ መድኃኒት) የአፍንጫ ስፕሬይ ቀደም ብለው ቢጀምሩ መሸጋገሪያው ይቀልላል። ይህ መድኃኒት እንደ ጠብታው በደቂቃዎች ውስጥ አይከፍትም፤ ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ በየቀኑ ሳያቋርጡ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ መጠቀም ስለሚጠይቅ ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው በሦስተኛው ቀን ይጥሉታል። ሲረጩት አንገትዎን ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብሉ፤ የቀኙን ቀዳዳ በግራ እጅ፣ የግራውን በቀኝ እጅ እየያዙ ጫፉን ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ጆሮ አቅጣጫ ያዙሩት፤ በኃይልም አይሳቡት። ወደ መካከለኛው ግድግዳ ከተረጨ ሽፋኑን እያደረቀ ነስር ያመጣል፤ በኃይል ከተሳበ ደግሞ ወደ ጉሮሮ ያልፋል። በጠብታው ፈንታ ሱዶኤፌድሪን የተባለውን የሚዋጥ የአፍንጫ መክፈቻ መውሰድን አልመክርም፤ በተለይ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደጋ አለው።

ለወፈረ ንፍጥ ግን በጨው ውሃ ማጠብን የሚያህል ቀላልና ርካሽ እርዳታ አላውቅም። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 9 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ አዮዲን የሌለበት ደቃቅ ጨው ይሟሟል፤ ካቃጠለዎት ግማሽ የሻይ ማንኪያ የመጋገሪያ ሶዳ ሊጨምሩበት ይችላሉ። ውሃው ከጨው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ አይሆንም፤ ዲስቲልድ ውሃ (በእንፋሎት መልክ ተነሥቶ እንደገና በመቀዝቀዝ የተጣራ)፣ አለዚያም ቢያንስ ለ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ደግሞ ለ3 ደቂቃ ተንተክትኮ ለብ እስኪል የቀዘቀዘ ውሃ መሆን አለበት። ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ኔግሌሪያ ፋውለሪ የተባለች አሜባ በመጠጥ ውሃ ብትዋጥ ጉዳት የማታደርስ ስትሆን፣ በአፍንጫ በኩል ከገባች ግን እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም ገዳይ የሆነ የአንጎል ኢንፌክሽን ታስከትላለች። በመታጠቢያ ገንዳው ላይ አጎንብሰው፣ በአፍዎ እየተነፈሱ፣ በአንደኛው ቀዳዳ አስገብተው በሌላኛው ያስወጡት። የስቴሮይዱ ስፕሬይ የሚረጨው ከእጥበቱ በኋላ ነው፤ አፍንጫዎን የሚያጥቡበትን ዕቃም በየጊዜው አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ሐኪም ልይ ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ አዎ ነው፤ ጠብታው ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝም እንኳ። መታፈን ወይም ንፍጥ፣ ከፊት መክበድ ወይም ከማሽተት መቀነስ ጋር ተዳምሮ ከ12 ሳምንታት በላይ ከቆየ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የሳይነስ ብግነት (የሽፋኑ መቆጣትና ማበጥ) ሊሆን ይችላል ብለው ይጠረጥራሉ፤ እርስዎ ይህን ወሰን አልፈዋል። ጥርጣሬው የሚረጋገጠው በምልክቱ ብቻ ሳይሆን በቀጭን ካሜራ አፍንጫን በማየት ወይም በሲቲ ስካን ነው። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሙ አለርጂ፣ ፖሊፕ (በአፍንጫ ሽፋን ላይ የሚወጣ ለስላሳ እባጭ) ወይም የአፍንጫ መካከለኛ ግድግዳ መጣመም መኖሩንም ያያል። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሕመም ካለዎት አይደብቁት፤ የመንጋጋ ጥርሶች ሥር ለጉንጭ ሳይነስ በጣም ቅርብ በመሆኑ፣ በተለይ በአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ መጥፎ ሽታ ያለው ንፍጥ ምንጩ ጥርስ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ መታፈኑ በየጥቂት ሰዓቱ ከቀኝ ወደ ግራ የሚቀያየር ከሆነ በዚያ አይደናገጡ፤ ጤነኛ አፍንጫም እንዲሁ ያደርጋል።

ቀጠሮ መጠበቅ የሌለባቸው ምልክቶች አሉ። በዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር፣ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ በአንድ ወገን ብቻ የሚዘጋ አፍንጫ፣ ደም የተቀላቀለበት ንፍጥ ወይም የፊት መደንዘዝ ካለ ደግሞ ሐኪሙ ፈጥኖ ሊያይዎት ይገባል፤ ለብዙ ዓመታት ያጨሰ ሰው የአፍንጫና የሳይነስ ካንሰር ዕድሉ ካላጨሰ ሰው ከፍ ያለ ስለሆነ እነዚህን ምልክቶች ለጭሱ ትዝታ ሰጥቶ ማለፍ አይገባም።

ለሐኪሙ ያቆሙበትን ቀን፣ የጠብታውን ብልቃጥና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሙበት ይዘው ይሂዱ። ለማቆም የኒኮቲን ምትክ እየተጠቀሙ ከሆነ የትኛው እንደሆነ ይንገሩት፤ በአፍንጫ የሚረጨው ኒኮቲን ራሱ አፍንጫን ይቆጠቁጣል፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ግን አፍንጫውን አይነካም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ማጨስ ካቆመ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ከአምስት ቀን ወዲህ አፍንጫው ታፍኗል፤ ንፍጡም ወደ አረንጓዴ ተለውጧል። ትኩሳት የለውም። ከባለፈው ሕመም የተረፈ አንቲባዮቲክ ቤት ውስጥ አለን፤ ቢወስደው ይሻለዋል?

መልስ፦ አይውሰዱ። ንፍጥ አረንጓዴ የሚሆነው ኢንፌክሽንን የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች በያዙት ቀለም ያለው ኢንዛይም ምክንያት ሲሆን፣ እነዚህ ሴሎች ደግሞ በቫይረስ ለሚመጣ ተራ ጉንፋንም ይሰበሰባሉ። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የሚጠረጠረው ምልክቶቹ ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይሻሉ ሲቆዩ፣ ወይም 39 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት መግል ከመሰለ ንፍጥ ወይም ከፊት ሕመም ጋር ለ3 ወይም ለ4 ቀናት ሲዘልቅ፣ አለዚያም ሰውየው ተሽሎት ከቆየ በኋላ እንደገና ሲብስበት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሐኪም ያዩ፤ መድኃኒቱንም መጠኑንም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እስከዚያው የጨው ውሃ እጥበቱ፣ በቂ ፈሳሽ መጠጣትና ሌሊት ጭንቅላታቸውን ከፍ አድርገው መተኛት ይበቃቸዋል። የተረፈውን አንቲባዮቲክ ግን ለሌላ ቀን ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ መድኃኒት ቤት ወስደው እንዴት እንደሚወገድ ይጠይቁ።