ስለ ዊኒፔግ ፋልከንስ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ መጀመሪያው የኦሎምፒክ የበረዶ ሆኪ ሻምፒዮን፣ ስለ ካናዳው ክለብ ዊኒፔግ ፋልከንስ፣ ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ነበር፦ የከተማቸው ሊግ አላስገባቸውም፤ እነሱ ግን ኦሎምፒክን አሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም። ክለቡን ከልቤ ስለምወደው ዛሬ ሌላውን ርዕስ ትቼ ስለ እሱ ብቻ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፋልከንስ የማን ክለብ ነበር? (ከአዳማ)

የስደተኛ ልጆች ክለብ ነበር። ድህነትና የእሳተ ገሞራ አመድ ከአገራቸው የገፋቸው አይስላንዳውያን ከ1875 ጀምሮ ወደ ካናዳዋ ማኒቶባ ገቡ። መጀመሪያ የሰፈሩት በዊኒፔግ ሐይቅ ዳር፣ ጊምሊ ላይ ነው። ብዙዎቹ ውለው አድረው ወደ ዊኒፔግ ከተማ መጡ። እዚያ ሁለት የአይስላንዳውያን የሆኪ ቡድኖች ነበሩ። ሲፎካከሩ ኖረው በኋላ ተዋሃዱና ፋልከንስ ተባሉ። ፋልከን ጭልፊት ነው፤ አይስላንድ የምትታወቅበት ወፍ።

በገንዘብ ነበር የሚጫወቱት? (ከባሕር ዳር)

አይ፣ አማተር ነበሩ። ዛሬ የሆኪ ደመወዝተኞች ትልቁ ሽልማት የሆነው የስታንሊ ዋንጫም ሲጀመር የአማተሮች ነበር፤ በ1893 መጀመሪያ የወሰደው የሞንትሪያል ሆኪ ክለብ ነው። ደመወዝተኞቹ እየበዙ ሲመጡ ግን በ1908 ለአማተሮች ብቻ "የአለን ዋንጫ" የሚባል ሌላ ዋንጫ ተዘጋጀ። ፋልከንስ ያለሙት ይህንን ነው።

ሊጉ አላስገባቸውም ብለሃል። ለምን? (ከአዲስ አበባ)

ይሄ ጥያቄ ውስጤን ይነካዋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ልጆቹ አንድ ላይ ዘመቱ። ብዙዎቹ የተመዘገቡት በ223ኛው ሻለቃ ነው፤ የስካንዲኔቪያ ዘር ያላቸው ካናዳውያን የተሰባሰቡበት። ፍራንክ ቶርስቴንሰንና ጆርጅ ከምበርስ አልተመለሱም። አምበሉ ፍራንክ ፍሬድሪክሰን አብራሪነት ሰልጥኖ ከግብፅ ሲመለስ የተሳፈረባት መርከብ ሜዲትራኒያን ላይ በቶርፔዶ ተመታች። ከባሕር የተረፈው ቫዮሊኑን እንደያዘ ነው። ቫዮሊን ነፍሱ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተርፈው ቤታቸው ገቡ። የከተማው ዋና ሊግ ግን በሩን ዘጋባቸው። ዘራቸው ነው ምክንያቱ የሚሉ ያኔም ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። እኔም እንደዚያ አምናለሁ። ለአገሩ ሊሞት የሄደን ልጅ "አንተ የእኛ አይደለህም" ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

እነሱ ግን አልተቀመጡም። ከብራንደንና ከሴልከርክ ቡድኖች ጋር ሆነው የራሳቸውን ሊግ አቋቋሙ። እሱን አሸነፉ። ቀጥለው በር የዘጋባቸውን ሊግ ሻምፒዮን አሸነፉ። መጋቢት 1920 ቶሮንቶ ላይ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲን 8 ለ 3 እና 3 ለ 2 ረትተው የአለን ዋንጫን ወሰዱ። ሽልማቱ ካናዳን ወክሎ ኦሎምፒክ መሄድ ነበር። ቤታቸው እንኳን ሳይመለሱ፣ ከዚያው ወደ መርከብ።

የበረዶ ሆኪ በበጋ ኦሎምፒክ? እንዴት ይሆናል? (ከድሬዳዋ)

የክረምት ኦሎምፒክ ገና አልነበረም፤ የተጀመረው በ1924 ነው። የ1920ው ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ላይ ነበር። ሆኪው ቀደም ብሎ በሚያዝያ፣ ጣሪያ ባለው የበረዶ ሜዳ ተካሄደ። ሌሎቹ ስፖርቶች አብዛኞቹ የተካሄዱት በነሐሴ ነው።

ጨዋታው እንደ ዛሬው ነበር? ስንት ለስንት አሸነፉ? (ከአዲስ አበባ፣ የገና ጨዋታ ወዳጅ)

ዱላው የገናን ዱላ ያስታውስዎታል፤ የሚመታው ግን እሩር ሳይሆን ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ ክብ ነገር ነው። ዛሬ በአንድ ወገን ስድስት ናቸው። ያኔ ሰባት ነበሩ፦ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አጥቂና ሜዳውን ሁሉ የሚያካልል አንድ ነፃ ተጫዋች። ቅያሪ አልነበረም። አንዱ ቢጎዳ ተጋጣሚውም አንድ ሰው ያስወጣል። ፋልከንስ ይዘው የሄዱት ስምንት ተጫዋች ብቻ ነበር። ከስምንቱ ሃክ ዉድማን ብቻ ነው አይስላንዳዊ ዘር ያልነበረው።

ቼኮዝሎቫኪያን 15 ለ 0፣ ስዊድንን 12 ለ 1 አሸነፉ። እውነተኛው ፈተና አሜሪካ ነበረች፤ ከተጫዋቾቿም ካናዳ የተወለዱ ነበሩባት። እሷንም ፍሬድሪክሰንና ኮኒ ዮሃኔሰን ባገቡት 2 ለ 0። በሦስት ጨዋታ ከገቡት 29 ጎሎች ፍሬድሪክሰን 12፣ ስሊም ሃልደርሰን 9 አስቆጠሩ። ሁለቱም በኋላ በገንዘብ መጫወት ጀምረው በ1925 ከቪክቶሪያ ኩጋርስ ጋር የስታንሊ ዋንጫን አንስተዋል።

ቶሮንቶ ከመጣን ዓመት አልሞላንም። ልጄ ሆኪ ወዷል፤ ግን እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ ቡድኑ ውስጥ ያፍራል። ምን ልበለው? (አንድ አባት)

ጋሼ፣ የፍሬድሪክሰንን ልጅነት ይንገሩት። ዊኒፔግ ተወልዶ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ የሚያውቀው አይስላንድኛ ብቻ ነበር። ሰፈሩ፣ ቤቱ፣ ጓደኛው ሁሉ አይስላንድኛ ነው። እንግሊዝኛውን ከልጆች ጋር ነው ያገኘው፣ ሆኪ እየተጫወተ። ቤት ውስጥ በአማርኛ ማውራታችሁን አታቁሙ። በረዶው ላይ ኳስ፣ ይቅርታ፣ ፓክ ማቀበል ቋንቋ አይጠይቅም፤ ቃላቱ እዚያው ይመጣሉ።

በ2004 የካናዳ ብሔራዊ ቡድን ለአንድ የወዳጅነት ጨዋታ የፋልከንስን ማሊያ የሚመስል ወርቃማና ጥቁር ማሊያ ለብሶ ገብቶ ነበር። ፎቶውን ፈልገው ያሳዩት። የመጀመሪያ ግጥሚያውን ሲጫወት ደግሞ ይጻፉልኝ።