የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለጓሮ ሜፕል የሚበቃ ማትነኛ

የሜፕል ዛፍ ግንዱ ሲበሳ የሚፈሰውን ጣፋጭ ውሃ የሚሰጠው ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ቀኑ ከዜሮ በላይ ሲሞቅ ነው። በሰሜን አሜሪካ ጥቂት ዛፍ ይዘው ለቤታቸው ሽሮፕ የሚያፈሉ አንባቢዎቻችን ስለ ማትነኛው፣ ማለትም ውሃው እየተነነ ሽሮፕ ስለሚሆንበት ምድጃና ዝርግ ድስት፣ የላኩልንን ጥያቄዎች ዛሬ እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ በጓሮዬ ያሉት ስኳር ሜፕሎች ውሃቸው እንዲፈስ 25 ቀዳዳ እበሳለሁ። እስካሁን በጥልቅ ድስት ስለማፈላ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅብኛል። በማገዶ የሚሠራ ማትነኛ ልገዛ ስፈልግ 60 በ90፣ 60 በ120 እና 60 በ180 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ድስቶች አየሁ። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ስለማፈላ ትልቁን ብወስድ አይሻልም? (ከኦንታሪዮ)

መልስ፦ በመጀመሪያ የሚጠብቅዎትን የውሃ መጠን ይወቁ። ጥሩ በሚፈስበት ቀን ከአንድ ቀዳዳ 5 ሊትር ገደማ ቢያገኙ ከ25ቱ 125 ሊትር ይሰበሰባል። የስኳር ሜፕል ውሃ አብዛኛውን ጊዜ 2 በመቶ ያህል ስኳር አለው። ለአንድ ሊትር ሽሮፕ ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ ለማወቅ 86ን በስኳሩ መቶኛ ያካፍሉ፤ ውሃው 2 በመቶ ከሆነ 43 ሊትር ይወጣል። ስለዚህ የዚያ ቀን ምርትዎ ከ3 ሊትር ትንሽ ያነሰ ሽሮፕ ነው።

ጥልቁ ድስት ሌሊቱን የፈጀብዎት በዚህ ምክንያት ነው፦ ውሃ የሚተነው በስፋት እንጂ በጥልቀት አይደለም። ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ድስት ደህና የማገዶ እሳት ካገኘ በካሬ ሜትር በሰዓት ወደ 40 ሊትር ያተናል። በዚህ ስሌት 60 በ90 የሆነው 22 ሊትር፣ 60 በ120 የሆነው 29 ሊትር፣ 60 በ180 የሆነው 43 ሊትር ገደማ በሰዓት ይጨርሳል። ምድጃው እስኪግልና መጨረሻ ላይ እሳቱ እስኪበርድ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ይጨምሩበት።

ትልቁ የሚሻል የሚመስለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። እሳት ላይ ያለ ድስት ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ፈሳሽ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ ከወረደ ያርራል። ይህ መጠን በ60 በ180 ድስት 27 ሊትር፣ በ60 በ120 ድስት 18 ሊትር፣ በ60 በ90 ድስት 13 ሊትር ተኩል ነው። ማለትም 125 ሊትርዎን በትልቁ ሲያፈሉ ገና 9 በመቶ ስኳር ላይ ሳሉ እሳቱን ለማቆም ይገደዳሉ፤ የቀረውን 27 ሊትር ሌላ ድስት ላይ ገልብጠው ማፍላት ሊኖርብዎት ነው። በመካከለኛው ግን 18 ሊትር ሲቀር ስኳሩ ወደ 14 በመቶ ይደርሳል። ለ25 ቀዳዳ፣ ማታ ለሚያፈላ ሰው፣ ምክራችን 60 በ120 ነው። ከ15 ቀዳዳ በታች ከሆነ 60 በ90 ይበቃል።

በየማታው ሁሉንም ሽሮፕ ማድረስም ግዴታ አይደለም። የቀረውን ጣፋጭ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ከድነው ብርድ ላይ ያቆዩትና በነጋታው አዲሱን ውሃ ይጨምሩበት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ማታ ድስቱ እየጣፈጠ ይሄዳል። ይህ የሚሠራው ቅዝቃዜው ከ4 ዲግሪ በታች ከሆነ ብቻ ነው፤ ቀኑ ከሞቀ ባክቴሪያ ስለሚራባ በዚያው ማታ ይጨርሱት። ያልፈላውም ውሃ ቢሆን ባልዲው ዙሪያ በረዶ ተጠቅጥቆበት ጥቂት ቀናት ይቆያል እንጂ ሳምንት አይታመንም።

ወለላቸው በረድፍ ወደ ታች የታጠፈ ድስቶችም አሉ፤ እሳቱ የሚነካው ስፋት ስለሚበዛ በጣም ያፈጥናሉ። ነገር ግን ብዙ ፈሳሽ ይይዛሉ፣ ለማጽዳትም ያስቸግራሉ። ከ50 ቀዳዳ በታች ላለው ሰው አንመክራቸውም። በምትኩ ሁለት ሦስት መከፋፈያ ግድግዳ፣ ከታች መቅጃ ቧንቧ፣ ከጎን ቴርሞሜትር መግጠሚያ ያለው ጠፍጣፋ ድስት ይምረጡ። በመከፋፈያዎቹ ምክንያት አዲሱ ውሃ ከጣፋጩ ጋር ቶሎ አይደባለቅም፤ ጣፋጩ ወደ መቅጃው እየተገፋ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ፍልጥ በጨመርኩ ቁጥር ፍሉ ይቆማል። መልሶ እስኪንተከተክ አሥር ደቂቃ ይሄዳል። ምድጃው ነው ወይስ እኔ? (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ፍልጡ ነው። ለቤት ማሞቂያ የሚሆን ወፍራም እንጨት ለዚህ ሥራ አይሆንም። እዚህ የሚፈለገው ለሰዓታት የሚቆይ ፍም ሳይሆን የድስቱን ወለል በሙሉ የሚልስ ነበልባል ነው። እንጨቱ ቢያንስ አንድ ዓመት የደረቀ፣ ውፍረቱም እንደ እጅ አንጓ፣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እርጥብ እንጨት በራሱ ውስጥ ያለውን ውሃ ሲያተን የእርስዎን ድስት ይረሳል።

አጨማመሩም ወሳኝ ነው። አንዴ ሞልቶ ሃያ ደቂቃ ከመጠበቅ በየ7 እስከ 10 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት፣ እያጠላለፉ ይጨምሩ። አየር በመሐሉ ማለፍ አለበት፤ ምድጃው እስከ አፉ ከታጨቀ ይታፈናል። በሩን ከፍተው አይቆዩ፤ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር በቀጥታ ድስቱ ሥር ያልፋል። ሰዓት ይዘው ይጨምሩ፤ እሳቱ ሲደክም አይቶ መጨመር ሁልጊዜ መዘግየት ነው።

ይህን ሁሉ አስተካክለው ካልተለወጠ ምድጃውን ይመርምሩ። እንጨቱ የሚያርፍበት ፍርግርግ ከታቹ በአመድ ከተዘጋ አየር አያገኝም። ጭስ ማውጫው አጭር ከሆነም አይስብም፤ የተለመደው ልክ የምድጃው ርዝመት እጥፍ ነው። ከእሳት ቤቱ በስተኋላ ደግሞ የምድጃው ወለል ከፍ ብሎ ከድስቱ ሥር ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲቀረው ያድርጉ። ባዶ ቦታው ጥልቅ ከሆነ ትኩሱ አየር ድስቱን ሳይነካ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ግድግዳውን እሳት በሚችል ጡብ መልበስ ሙቀቱን ወደ ድስቱ ይመልሳል፤ ብረቱንም ከመጣመም ያድነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ገልብጠው ከሆነ ፍሉን የሚያቆመው እሱ ነው። ከላይ የተቀመጠ ትንሽ ማሞቂያ ዕቃ በቧንቧ በቀጭኑ ሳያቋርጥ ያንቆርቁር። የሚገባው የሚተነውን ያህል ሲሆን ድስቱ አይናወጥም።

ጥያቄ፦ ለጥቂት ጊዜ ወጣ ብዬ ስመለስ አረፋው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ጥጉም አረረ። ድስቱን ስንት ሳንቲ ሜትር ልሙላ? (ከቨርሞንት)

መልስ፦ ለጀማሪ 5 ሳንቲ ሜትር፤ እጅዎ ሲለምድ ወደ 3 ወይም 4 ይውረዱ። ጠፍጣፋ ድስት በደህና እሳት በሰዓት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆኖ የሚገባው ውሃ ቢቋረጥ ከ40 ደቂቃ በኋላ አደጋው ክልል ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው። ፈሳሹ እየጣፈጠ ሲሄድ አረፋው ስለሚበዛ ጊዜው ከዚህም ያጥራል። እሳት እያለ ድስቱን ትቶ መሄድ የለም፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ሰው ይተኩ።

ለአረፋው አንዲት ጠብታ የምግብ ዘይት ወይም የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቅቤ ትበቃለች። ብዙ ከጨመሩ ጣዕሙ ይበላሻል። ሽሮፑን ለሌላ ሰው የሚሰጡ ከሆነ ቅቤው ወተት ለማይስማማው ሰው እንደሚጎዳ አይርሱ።

ሲጨርሱ እንጨት መጨመሩን ቀደም ብለው ያቁሙ። ጡቡ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሙቀት ይሰጣል። ፍሙ እስኪወርድ ድስቱ ውስጥ በቂ ውሃ ይኑር። ማረሩ ከጀመረ ያለዎትን ቀዝቃዛ የሜፕል ውሃ ወዲያው ይጨምሩበት፤ ውሃ ካጡ በረዶም ይሆናል። ፊትዎን ግን ያርቁ፣ እንፋሎቱ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ማትነኛ በርካሽ አገኘሁ። ምን ልይ?

መልስ፦ መገጣጠሚያዎቹን። አሮጌ ድስቶች እርሳስ በሚባለው ብረት የተበየዱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እርሳሱ ወደ ሽሮፑ ይገባል። በእርሳስ መመርመሪያ ኪት ይፈትሹ፤ ካሳየ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይውሰዱት። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮም አይሁን። ደህናው ለምግብ የሚሆን የማይዝግ ብረት ሆኖ ያለ እርሳስ የተበየደ ነው። ከዚያ ድስቱን በውሃ ሞልተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ ካፈሰሰ ይታያል። ወለሉ መሐል ላይ ካበጠ አንድ ቀን አሮ ነበር ማለት ነው፤ ጥልቀቱ እኩል ስለማይሆን ከፍ ያለው ቦታ ደጋግሞ ያርራል።

ጥያቄ፦ ቴርሞሜትሩ 104 ሲል አነሳሁት። አንዱ ጠርሙስ ሻገተ፣ ሌላው ታቹ ስኳር ጋገረ።

መልስ፦ ሽሮፕ የሚደርሰው ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በ4 ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ 100 ላይ አይፈላም። በ300 ሜትር ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ የአየሩ ግፊትም በየቀኑ ይለዋወጣል። ስለዚህ በየማታው መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አፍልተው ቴርሞሜትሩ የሚያሳየውን ይጻፉ፣ 4 ይደምሩበት። የሻገተው ቀጥኖ የቀረ፣ የጋገረው ከልክ በላይ የወፈረ ነው። የስኳሩ መጠን ከ66 እስከ 67 ብሪክስ፣ ማለትም ከመቶው ከ66 እስከ 67 እጅ ስኳር፣ መሆን አለበት።

የመጨረሻውን ደረጃ በማገዶ አያድርሱት። ከውሃው የመፍላት ነጥብ በ2 ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ፣ ማለትም ግማሹ ስኳር ሲሆን፣ ቀድተው በጋዝ ላይ ይጨርሱት፤ ጋዝ በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ቴርሞሜትሩ ሲቃረብ በሃይድሮሜትር፣ ማለትም ሽሮፑ ላይ ተንሳፎ ውፍረቱን በሚያሳይ መለኪያ፣ ያረጋግጡ፦ ከእሳት እንደወረደ ትኩሱ 59 ብሪክስ፣ የቀዘቀዘው 66 ተኩል አካባቢ ማሳየት አለበት። መለኪያው ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች ካሉት የላይኛው ለትኩሱ፣ የታችኛው ለቀዘቀዘው ነው፤ አያምታቷቸው።

ጋዙን ቤት ውስጥ ወይም በተዘጋ ጋራዥ አያቀጣጥሉ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል፣ እንፋሎቱም ግድግዳውን ያጣብቀዋል።

ጥያቄ፦ ሽሮፑ ታቹ አሸዋ የመሰለ ነገር ይዘቅጣል። ቆሻሻ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ስኳሩ ሲበዛ እየተለየ የሚወጣ ነው፤ በዋናነት ካልሲየም ማሌት ይባላል። አይጎዳም፣ ግን አፍ ላይ ይሻክራል። ከእሳት እንደወረደ በወፍራም ማጥለያ ጨርቅ፣ በላዩ ቀጭን ሽፋን ደርበው ያጥሉት፤ ከቀዘቀዘ አያልፍም። ጨርቁን በሙቅ ውሃ ብቻ ይጠቡ፣ የሳሙና ሽታ ሽሮፑ ላይ ይቀራል። ከዚያ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጠርሙሱን ሞልተው፣ ክዳኑም እንዲሞቅ ለጥቂት ጊዜ በጎኑ ያስተኙት። ከ88 አልፎ እንደገና ከሞቀ አዲስ አሸዋ ይፈጠራል።

ይኸው አሸዋ የድስቱ ወለል ላይ ሲጋገር ሙቀት አያሳልፍምና ማረር ያመጣል። ሲወፍር ካዩ ድስቱን በኮምጣጤና በውሃ ሞልተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ በነጋታው በለስላሳ ስፖንጅ ይነሳል። በብረት ሽቦ አይፈትጉት፤ የተቧጨረ ወለል አሸዋውን ይበልጥ ይይዛል። በደንብ ካለቀለቁ በኋላ ንጹሕ ውሃ አንዴ አፍልተው ይድፉ።